መኪናውን ውደዱት፣ ጨረታውን ግን አትመኑት



ዛሬ ስለ መታወቂያ እድሳትም ሆነ ስለ አፈሳ አልጽፍም። የምጽፈው ስለ መኪና ነው። ገና ከአሁኑ «ይሄ ሰውዬ ሥራ ፈታ» የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። እስከ መጨረሻው አንብቡና ከዚያ ስደቡኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በቀደም የአንድ የመኪና ጨረታ ቪዲዮ ሼር ሳደርግ አንድ ወንድማችን በውስጥ መስመር መጥቶ፣ «ሰው ካምፕ ውስጥ ራሽን ተቀንሶበት እየተራበ አንተ የአሜሪካ ሀብታም መኪና ሲገዛ ታያለህ? አታፍርም?» አለኝ። ያን ቀን አልመለስኩለትም። ዛሬ የምመልሰው ለእሱም፣ እንደ እሱ ለሚያስበው ሁሉም ነው።

አዎ፣ አያለሁ። በየዓመቱ በጃንዋሪ ወር አሪዞና ስኮትስዴል ላይ ባሬት-ጃክሰን፣ ፍሎሪዳ ኪሲሚ ላይ ደግሞ ሚከም የሚባሉት ጨረታዎች በቴሌቪዥን ሲተላለፉ፣ እኔ ናይሮቢ ኢስሊ ውስጥ ስልኬን ቻርጀር ላይ ሰክቼ እቀመጣለሁ። ስኮትስዴል ከቀኑ 11 ሰዓት ሲሆን እዚህ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው። የምጠብቀው ፌራሪውን አይደለም። የምጠብቀው ማስል ካር የሚባሉትን ነው፤ ከ1964 ጀምሮ እስከ 1970ዎቹ መጀመሪያ የአሜሪካ ፋብሪካዎች መካከለኛ ቦዲ ላይ ትልቅ ቪ ኤይት ሞተር እየጫኑ ያወጧቸውን። እኛ አገር ቪ ኤይት ሲባል የባለሥልጣን ላንድክሩዘር ነው የሚታየን። እኔ የምለው ሌላ ነው፦ ፖንቲያክ ጂቲኦ፣ ሼቬል፣ ሮድ ራነር፣ ኩዳ። ገና ስትነሳ የጎረቤት መስኮት የምታንቀጠቅጥ መኪና።

በሕይወቴ አንዷንም ነድቼ አላውቅም። ኬንያ ከ8 ዓመት በላይ ያገለገለ መኪና አታስገባም። ስለዚህ ፍቅሬ ሁሉ በስክሪን ነው። ግን ስደተኛ የሚወደው ነገር ሊኖረው አይገባም ያለው ማን ነው? ቅጽ ላይ «ፍላጎት» በሚለው ቦታ የሚጻፈው ዱቄት፣ ዘይትና ብርድ ልብስ ነው። እኛም ያንን ቅጽ አምነን በእሱ እርስ በርስ መለካካት ከጀመርን አለቀልን። ኳስ የሚያይ ስደተኛ አይሰደብም። ማንቼና አርሴናል ሲጫወቱ የተጫዋቾቹን ደሞዝ አስቦ የሚያፍር ሰው አላየሁም። ስለዚህ ይሄን ክስ አልቀበልም።

በጨረታው ላይ ግን እኔ ራሴ ክስ አለኝ።

እነዚህ መኪኖች የተሠሩት ለሀብታም አልነበረም። ይሄንን ልብ በሉ። ፎርድ በኤፕሪል 1964 ሙስታንግን ሲያወጣ መነሻ ዋጋዋ 2,368 ዶላር ነበር። ፕላይማውዝ ለ1968 ሮድ ራነርን ያወጣው ጌጡን ሁሉ አራግፎ፣ ሆን ብሎ ከ3,000 ዶላር በታች እንድትሆን ነው፤ ወጣት ሠራተኛ በደሞዙ እንዲገዛት። ሳምንቱን ፋብሪካ ውስጥ ብሎን ሲያጠብቅ የከረመ ልጅ ቅዳሜ የሚነዳት መኪና ነበረች። ከዚያ ኢንሹራንሱ ተወደደ፣ የጭስ ሕጉ ጠበቀ፣ በ1973 የአረብ አገሮች የነዳጅ ማዕቀብ መጣ፣ ዘመኑ አበቃ። ቤንዚን ጠጪ ተብለው በርካሽ ተሸጡ፤ ብዙዎቹም ቁርጥራጭ ብረት ሆነው ቀሩ።

አሁንስ? በ2014 ሲያትል ላይ ጣሪያዋ የሚከፈት የ1971 ሄሚ ኩዳ በ3.5 ሚሊዮን ዶላር መዶሻ ተመታባት። በዚያው ዓመት ስኮትስዴል ላይ የ1967 ኮርቬት ኤል 88 በ3.85 ሚሊዮን ሄደች። በጃንዋሪ 2020 ስቲቭ ማክዊን «ቡሊት» ፊልም ላይ የነዳት ሙስታንግ ኪሲሚ ላይ በ3.4 ሚሊዮን ተሸጠች፤ የገዢ ኮሚሽን ሲጨመርባት 3.74 ሚሊዮን። ይህችን መኪና አንድ ቤተሰብ በ1974 የገዛት በ6,000 ዶላር ነበር። እናትየዋ ትምህርት ቤት ልታስተምር የምትሄድባት ነበረች። አስተማሪ በየጠዋቱ ሥራ የገባችባት መኪና!

ቴሌቪዥኑ ስለዚህ ሁሉ ምን ያወራል? ዋጋ። አጫራቹ እንደ ጥይት ይንጣጣል፣ በሰዉ መካከል የቆሙት ረዳቶች ይጮኻሉ፣ ስክሪኑ ግርጌ ላይ ቁጥሩ ይሮጣል። ተንታኞቹ ይህ ሞዴል አምና ስንት እንደነበር፣ ዘንድሮ ስንት እንደጨመረ ይነግሩሃል። ስለ አክሲዮን ነው እንዴ የሚያወሩት ትላለህ። ማርሹ እንዴት እንደሚገባ፣ ፍሪሲዮኑ ምን ያህል እንደሚከብድ፣ ነዳጅ ስትረግጥ የካርቡራተሩ ድምፅ እንዴት እንደሚለወጥ የሚነግርህ የለም። መኪናዋ መድረክ ላይ የምትቆየው ጥቂት ደቂቃ ነው። ከተሸጠች በኋላም ብዙዎቹ ገዢዎች አይነዷትም፤ በተጎታች አስጭነው ወስደው ይሸፍኗታል። ኪሎሜትሯ ከጨመረ ዋጋዋ ይቀንሳላ!

«ጨረታው ባይኖር እነዚህ መኪኖች ቀልጠው ይቀሩ ነበር» የሚል ክርክር አለ። ግማሹ እውነት ነው። ዋጋ ስላላቸው መለዋወጫቸው እንደገና ይመረታል፤ ባለሙያ እንጀራ ይበላባቸዋል። ግን ማን ነው ያዳናቸው? ማንም በማይፈልጋቸው ጊዜ ጓሮው ያስቀመጣቸው፣ በትርፍ ሰዓቱ ዝገታቸውን የፋቀው መካኒክና ባትላሜራ ነው። ካሜራው የመጣው ከዳኑ በኋላ ነው። የዚያ መካኒክ ልጅ ዛሬ አባቱ ያዳናትን መኪና መግዛት አይችልም። ይሄን ማዳን ካላችሁት፣ ማን ከማን እንደዳነ ንገሩኝ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ።

የጨረታው ትልቁ ቃል «ቁጥሯ የሚገጥም» የሚለው ነው። እኛ ሊብሬ ይዘን የሻንሲና የሞተር ቁጥር እንደምናመሳክረው ማለት ነው። ሁለት የ1971 ኩዳዎች ጎን ለጎን ይቁሙ። አንድ ዓይነት ቀለም፣ አንድ ዓይነት 426 ሄሚ ሞተር። አንዷ ከፋብሪካ ስትወጣ ጀምሮ ሄሚ የነበረች ናት፤ ሌላዋ በኋላ የተገጠመላት ናት። የሻንሲ ቁጥሯ አምስተኛው ምልክት አር የሚለው ፊደል ከሆነ ሀብት ናት። ካልሆነ «ቅጂ» ተብላ በትንሽ ዋጋ ትሸኛለች። ሞተሩ ያው ነው፣ ጉልበቱ ያው ነው፣ መንገድ ላይ ስታልፍህ ልዩነቱን አታውቅም። ዋጋውን የሚቆርጠው ወረቀቱ ነው።

እዚህ ላይ ነው እኔ ተመልካችነቴ የሚያቆመው። ሁለት ሰዎች አውቃለሁ። ከአንድ ነገር የሸሹ፣ በአንድ መንገድ የመጡ። አንዱ ወረቀቱን ይዞ ደረሰ፤ ሌላው ወረቀቱን ሞያሌ ሳይደርስ ጣለው። አንዱ ማንዴቱን አግኝቷል፤ ሌላው ዛሬም «ኬዝህ እየታየ ነው» ይባላል። የሮጠው እግር ያው ነው። ወረቀት ከመኪናው ይበልጣል ሲባል በየሌሊቱ ማጨብጨብ የለመደ ሰው፣ ወረቀት ከሰው ይበልጣል ሲባልም አይደነግጥም። ይባስ ብሎ እኛው በእኛው «እሱ እኮ ማንዴት የለውም» እያልን ስንናናቅ ሰምቻለሁ። ይሄ ያሳፍራል። ከመኪና ማየት ይልቅ ይሄ ያሳፍራል።

በዚያ በሚያመልኩት ቁጥር ውስጥ ሌላም ፊደል አለ። ቢ ይላል። ቢ ማለት ሃምትራምክ ነው፤ በዲትሮይት የተከበበች ትንሽ ከተማ፣ ዶጅ ሜይን የሚባለው ትልቅ ፋብሪካ የነበረባት። የ1971 ኩዳዎች የተሠሩት እዚያ ነው። በሜይ 1968 በዚህ ፋብሪካ ውስጥ የመስመሩ ፍጥነት ከሰው አቅም በላይ ሆነብን ያሉ ሠራተኞች ሥራ አቆሙ። ቅጣቱ በጥቁሮቹ ላይ ከበደ። ከዚያ ድረም የሚባለው የጥቁር ሠራተኞች ንቅናቄ ተወለደ። ከእነዚህ ሠራተኞች ብዙዎቹ ከደቡብ ግዛቶች ጭቆና ሸሽተው ወደ ሰሜን የመጡ ወይም የእነሱ ልጆች ነበሩ። ፋብሪካው በ1980 ተዘጋ። ብዙም ሳይቆይ በዚያው ቦታና በዙሪያው ለጄኔራል ሞተርስ አዲስ ፋብሪካ ተብሎ ፖልታውን የሚባለው ሰፈር ፈረሰ፤ ከ4,000 በላይ ነዋሪ ቤቱን እንዲለቅ ተደረገ። ዛሬ ሃምትራምክ ውስጥ ከየመንና ከባንግላዴሽ የመጡ ብዙ ሰዎች ይኖራሉ።

ይሄ ሁሉ ታሪክ በአንድ ፊደል ውስጥ አለ። በእነዚህ ሁሉ ሌሊቶች ተንታኞቹ ስለ አር ሲያወሩ ሰምቻለሁ። ስለ ቢ ሲያወሩ አንድም ቀን አልሰማሁም።

ደግሞ ልግስናውን ተመልከቱ። በጃንዋሪ 2020 ስኮትስዴል ላይ የአዲሱ ሞዴል ኮርቬት የመጀመሪያዋ በ3 ሚሊዮን ዶላር ተሸጣ ገንዘቡ ለዲትሮይት ልጆች ትምህርት ሄደ። ለልጆቹ ደስ ብሎኛል፤ ከልቤ ነው። ግን የአንድ ከተማ ልጆች ትምህርት ቤታቸው እንዲጠገን የአንድ ሀብታም እጅ ካሜራ ፊት እስኪነሳ መጠበቅ አለባቸው? እኛ ይሄን ጥያቄ ከማንም በላይ እናውቀዋለን። የእኛም ራሽን የሚወሰነው በሰው እጅ መነሳትና አለመነሳት ነው።

ጨረታ ላይ «ከጎተራ የተገኘች» የሚሏት መኪናም አለች። ለአሥርተ ዓመታት ቆማ የከረመች። እሷን አያጥቧትም። ከነአቧራዋ መድረክ ላይ ትወጣለች፤ አቧራው ዋጋ ይጨምራላ። ይሄን ባየሁ ቁጥር አንድ ነገር ትዝ ይለኛል። የሆነ ዓመት ጁን 20፣ በዓለም የስደተኞች ቀን፣ አንድ ድርጅት መድረክ ላይ እንድናገር ጠራኝ። ሸሚዜን ተኩሼ ሄድኩ። ስለ ሥራ ፈቃድና ስለ ባንክ ሂሳብ ልናገር ነበር። አስተባባሪዋ ጠጋ ብላ፣ «እሱ ይቅርና ስለ መንገዱ ንገራቸው፣ ስለደረሰብህ» አለችኝ። ለጋሾቹ ከፊት ተቀምጠዋል። ነገርኳቸው። አለቀሱ፣ አጨበጨቡ። ወደ ጥያቄያችን ልሻገር ስል ሰዓት አልቋል ተባልኩ። የፈለጉት አቧራዬን ነበር። ጥፋቱ ግን የእነሱ ብቻ አይደለም፤ እኔም ተስማምቼ ወጥቻለሁ።

ጃንዋሪ 2025ንም አትርሱ። ጃንዋሪ 20 ቀን የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የስደተኞች ቅበላ እንዲቆም ፈረሙ። በረራ የተያዘላቸው ሰዎች ቀሩ። ጨረታው ግን በዚያም ወር እንደ ወትሮው ነበር። ጨረታ ላይ ሻጩ የፈለገው ዋጋ ካልሞላ መኪናዋ ወደ ጋራዧ ትመለሳለች። በረራቸው የተሰረዘባቸው ሰዎች ግን ቤታቸውን ለቀው፣ ፍራሻቸውን ሸጠው ነበር። ወዴት ይመለሱ?

እንግዲህ ወንድሜ፣ መልሴ ይኸው። ማየቴን አላቆምም። ሞተር እወዳለሁ፤ የሰው እጅ የሠራውን ነገር መውደድ ነውር አይደለም። ልጆቻችን በቲክቶክ የእነዚህን መኪኖች ዋጋ በቃል ሲያጠኑ ሳይ ግን ያመኛል። ዋጋውን ተዉት። ኪሪንያጋ መንገድ ላይ ካሉት ጋራዦች አንዱ ገብታችሁ ቴስታታ ሲፈታ ተመልከቱ፣ መፍቻ አቀብሉ፣ እጃችሁ ይቀባ። ሙያ ማንም መዶሻ መትቶ አይሸጥባችሁም። መድረክ ላይ ስትጠሩ ደግሞ ታሪካችሁን ከመንገራችሁ በፊት «ጥያቄያችንን የምናቀርበው ስንት ሰዓት ላይ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። መልስ ከሌላቸው አትሂዱ። እኔም ከዚያ ወዲህ ሳልጠይቅ አልሄድኩም፤ ሁለት ጊዜ ጠይቄ ሁለቴም ሳይጠሩኝ ቀርተዋል። አልጸጸተኝም።

ወረቀት የሌለውን ወንድማችሁን ደግሞ «ቅጂ» አታድርጉት።

አስተያየት መስጫው ክፍት ነው። ተከራከሩኝ፤ ኩዳ ትበልጣለች ወይስ ሼቬል በሚለውም ቢሆን። ዘር እየጠቀሰ የሚሳደበውን ግን እንደተለመደው አጠፋለሁ።