የኢንዱስትሪ ፍሪዘር ምርጫና የእንጅባራ ከፍታ

በአዊ ዞን ድንችን ስለ ማቀነባበር በተነሣ ቁጥር ውይይቱ ፈጥኖ ወደ ዋጋ ያመራል፤ ፍሪዘሩ ስንት ያወጣል፣ ከየትስ ይገዛል? ከዚህ አስቀድሞ ሊመለስ የሚገባው ጥያቄ ግን የዓይነቱ ነው። ፍሪዘሮች ሁሉ ሙቀትን ከምግቡ ቢያወጡም መንገዳቸው ይለያያል፤ ልዩነቱም ከባሕር ወለል በላይ ከ2,500 ሜትር ከፍ ብላ ለምትገኘው እንጅባራ ከቆላው ይልቅ ይጎላል።

በቅድሚያ አንድ የቃል ብዥታ ሊጠራ ይገባል። በአማርኛ «ማቀዝቀዣ» ሲባል ትኩስ ምርት የሚቆይበት ቀዝቃዛ መጋዘንም፣ ምግብ የሚበርድበት ፍሪዘርም ይጠራበታል። ለድንች ሁለቱ ፈጽሞ አይገናኙም። ጥሬ ድንች ከ6 ዲግሪ ሴልሲየስ በታች ሲቆይ ስታርቹ ወደ ስኳርነት ይለወጣል፤ ሲጠበስም ይጠቁራል። ስለዚህ ለገበሬው መጋዘን መሥራትና ለጥብስ ድንች ፋብሪካ ፍሪዘር መትከል በአንድ የፕሮጀክት ሰነድ በአንድ ስም መጠቃለል የሌለባቸው ሁለት ሥራዎች ናቸው።

ፍሪዘር የሚመዘነው በፍጥነቱ ነው። በምግቡ ውስጥ ካለው ውሃ አብዛኛው ወደ በረዶነት የሚለወጠው ከዜሮ በታች በ1 እና በ5 ዲግሪ መካከል ነው። ምግቡ በዚህ ክልል ከዘገየ ትልልቅ የበረዶ ቅንጣቶች የሕዋሱን ግድግዳ ይጎዳሉ፤ ሲቀልጥም ውሃውን ያፈሳል። አንድ ቶን ድንችን ከ20 ዲግሪ ተነሥቶ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ለማድረስ 100 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ሙቀት መውጣት አለበት። ይህን ሙቀት ተሸክሞ የሚያወጣው ምንድን ነው?

በዋሻ መሰል፣ በጠመዝማዛና ምርቱን በነፋስ እያነሣ በሚያንሳፍፍ ፍሪዘር ተሸካሚው አየር ነው። በ2,500 ሜትር ከፍታ የአየር ግፊት በባሕር ወለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ነፋሹ በደቂቃ የሚገፋው የአየር መጠን ባይለወጥም ክብደቱ በሩብ ይቀንሳል፤ ሙቀት የመውሰድ አቅሙም በአምስተኛ ገደማ ሊወርድ ይችላል። በሚያንሳፍፈው ፍሪዘር ደግሞ የሳሳው አየር የተከተፈውን ድንች ለማንሣት ከፍ ያለ ፍጥነት ይጠይቃል። አምራቹ ለባሕር ወለል ያሰላውን አቅም በመጽሔቱ ላይ «በሰዓት አንድ ቶን» ብሎ ቢያትም፣ እንጅባራ ላይ ቀበቶው መዘግየት አለበት፤ አለዚያ ምርቱ እምብርቱ ሳይረጋ ይወጣል። ችግሩ መፍትሔ አልባ አይደለም። ቀላል አየር የሞተሩንም ጭነት ስለሚቀንስ የነፋሹን ፍጥነት መጨመር ይቻላል። ነገር ግን ይህ የሚሰላው ከግዢ በፊት ነው።

በብረት ሳሕን የሚሠራው ፍሪዘር ይህ ጣጣ የለበትም። አሜሪካዊው ክላረንስ በርድዛይ በ1920ዎቹ ያስፋፋው ይህ ዘዴ የታሸገውን ምግብ በሁለት ቀዝቃዛ ሳሕኖች መካከል ይጫናል፤ ሙቀቱ በቀጥታ ወደ ብረቱ ስለሚያልፍ ምርቱን የሚያቀዘቅዝ ነፋስ አያስፈልግም። ለጠፍጣፋ ካርቶን፣ ለሥጋና ለጣና ዓሣ ይስማማል። ድክመቱም ግልጽ ነው፤ የተከተፈው ድንች እርስ በርሱ ተጣብቆ እንደ ጡብ ይወጣል።

ፈሳሽ ናይትሮጅን በባሕር ወለል ግፊት ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ ላይ ስለሚፈላ በፍጥነት የሚስተካከለው የለም። መሣሪያው ርካሽ፣ ጋዙ ግን ውድ ነው፤ አንድ ኪሎ ምግብ ለማብረድ አንድ ኪሎ ገደማ ናይትሮጅን ይፈጃል። በኢትዮጵያ ይህን ፈሳሽ ከምግብ ባለሙያው ይልቅ የከብት አዳቃይ ቴክኒሻኑ ያውቀዋል፤ የኮርማ ዘር የሚያቆየው በእርሱ ነውና። ለውድ ምርት ካልሆነ ለድንች የሚታሰብ አይደለም።

የአየር ፍሪዘር ደጋፊዎች ጠንካራ መከራከሪያ አላቸው፤ የአዲስ አበባ ሆቴሎች የሚፈልጉት ፍሬ ፍሬው የተለያየ ጥብስ ድንች ነው። እውነት ነው። ይሁንና ያ ገበያ ከእንጅባራ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል፤ ምርቱም መንገዱን ሁሉ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ሆኖ መጓዝ አለበት። የቀዝቃዛ መኪና አገልግሎት ባልተስፋፋበት ሁኔታ በትልቅ ጠመዝማዛ ፍሪዘር መጀመር ገንዘብን ማሰር ነው። ለአነስተኛ ጅማሬ የሳሕኑ ዓይነት ይሻላል፤ መብራት ቢቋረጥም ጭነቱን በጄኔሬተር ማንሣት ይቀላል።

ለድኅረ ምረቃ ተማሪዎች እዚህ ላይ ያልታረሰ መሬት አለ። የጉደኔ፣ የበለጠና ከከተማዋ አጠገብ ካለው ሐይቅ ጋር ስም የሚጋራው የዘንገና ዝርያ በእንጅባራ አየር ውስጥ በስንት ደቂቃ ይረጋሉ? ደረቅ ይዘታቸው ከዚያ በኋላ በጥብስ ላይ ምን ያሳያል? አንድ ቴርሞኮፕልና አንድ ትንሽ የነፋስ ዋሻ ለዚህ ይበቃሉ። ውጤቱ ከደቡብ ለሚጎራበተው የቡሬ አግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክም የሚጠቅም ነው። እስከዚያው ግን ማንኛውም ገዢ በውሉ ላይ የአቅራቢው ዋስትና ለ2,500 ሜትር ከፍታ የተሰላ መሆኑን በጽሑፍ ማስፈር፣ ርክክቡንም በድንቹ እምብርት ሙቀት መፈተን ይገባዋል።