የብርሃን ሚዛን ይመርመር

በጣት ላይ የምትደረግ አንዲት ትንሽ መሣሪያ፥ ቀይና ለዓይን የማይታይ ብርሃን በሥጋ ውስጥ አሳልፋ የደምን ኦክሲጅን ትለካለች። ጥበቡን ጃፓናዊው ታኩኦ አኦያጊ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1974 አስታወቀ፤ ብዙ ሰውም ድኖበታል። ነገር ግን የአሜሪካ ሐኪሞች በ2020 መርምረው እንደ ገለጹት፥ ኦክሲጅን አንሶ ሳለ መሣሪያዋ «ደኅና ነው» ማለቷ ከነጮች ይልቅ በጥቁር በሽተኞች ዘንድ ሦስት እጥፍ ያህል ሆኖ ተገኘ፤ የቆዳ ጥቁረት ከብርሃኑ ከፊሉን ያስቀራልና። በገበያ ሐሰተኛ ሚዛን የሚያጐድለው እህል ነው፤ ይህች ሚዛን ስትስት የምታጐድለው ግን እስትንፋስ ነው። ስለዚህ መሣሪያ የሚገዙ ሹማምንት ከዋጋው አስቀድመው፥ «እኛን በመሰሉ ሰዎች ተፈትኗልን?» ብለው መጠየቅ ይገባቸዋል። በሽተኛም ትንፋሽ ሲያጥረው ቍጥሩን አምኖ ወደ ሐኪም ከመሄድ አይዘግይ።