የኮምፒውተራችሁን ፋን ለመብራት ሶፍትዌር አደራ አትስጡ

አሁን አሁን ዴስክቶፕ ራሱ የሚገጣጥም ወጣት በዝቷል፣ ደስ ይላል። አንዱ ለጌም ነው፣ ሌላው ለሠርግ ቪዲዮ ኤዲቲንግ፣ ሌላው ለዲዛይን ሥራ። ተማሪዎቼም የሰፈር ልጆችም አስቀድመው የሚጠይቁኝ ግን አንድ ነገር ነው፦ «ቲቸር፣ የፋኑን መብራት የሚቀያይረው ሶፍትዌር የትኛው ነው?» ስለ ፋኑ ፍጥነት የሚጠይቅ የለም። ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይላሉ አባቶቻችን። የኔም ሐሳብ ይሄው ነው፦ መብራቱን በፈለጋችሁት ሶፍትዌር አጫውቱት፣ የፋኑን ፍጥነት ግን መጀመሪያ ባዮስ ውስጥ አስተካክሉት።

ለምን? ፋን ጌጥ አይደለማ! ባለ 3 ፒን የሆነው ፋን ፍጥነቱ የሚቀነሰው ከ12 ቮልት ወደ ታች በማውረድ ነው። ባለ 4 ፒኑ ደግሞ 12 ቮልቱ ሳይነካ፣ በአራተኛው ሽቦ በሴኮንድ 25 ሺህ ጊዜ ያህል በሚበራና በሚጠፋ ምልክት ይታዘዛል። ፒደብሊውኤም የሚባለው ይሄ ነው። ትእዛዙን የምትሰጠው ማዘርቦርዱ ላይ ያለች ትንሽ ቺፕ ናት። ባዮስ ውስጥ አንዴ ከነገራችኋት፣ ዊንዶውስ ተነሣ አልተነሣ፣ ሙቀቱን እያነበበች ሥራዋን ትሠራለች። መብራት ሄዶ ቢመጣም አትረሳም።

ሶፍትዌሩ ግን የሚሠራው ዊንዶውስ ተነሥቶ፣ እሱም ተከፍቶ፣ ሳይንጠለጠል ከቆየ ብቻ ነው። ከተንጠለጠለ ፋኑ መጨረሻ በታዘዘበት ፍጥነት ሊቀር ይችላል። ቀስ እያለ ሳለ ከሆነ፣ እናንተ ለሌሊቱ ሬንደር አስጀምራችሁ ስትተኙ ሲፒዩው ይግላል። ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል፣ ሲብስበትም ማሽኑ ይጠፋል። ጠዋት ሙሽሮቹ ቪዲዮአቸውን ሊወስዱ ይመጣሉ። እንግዲህ የፋኑ መብራት ሐምራዊ ነበር ብሎ ማስረዳት አይቻልም!

ሌላው ጉዳይ ደኅንነት ነው። እነዚህ ፕሮግራሞች ሙቀት ለማንበብና ፋን ለማዘዝ ብዙ ጊዜ የሲስተሙ ሆድ ውስጥ የሚገባ ድራይቨር ይጭናሉ። እንዲህ ያለ ድራይቨር ቀዳዳ ካለው ምን እንደሚያደርግ ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ2020 ሶፎስ የተባለው የደኅንነት ኩባንያ እንደዘገበው፣ ሮቢንሁድ የተባለውን ቤዛ ጠያቂ ቫይረስ የሚያሰራጩት ሰዎች ቀዳዳው ቀድሞ የታወቀ የጊጋባይት ድራይቨር ራሳቸው ይዘው እየገቡ አንቲቫይረሱን ያጠፉበት ነበር። በመጋቢት 2025 እ.ኤ.አ. ደግሞ የዊንዶውስ ዲፌንደር «ዊንሪንግዜሮ» የተባለውን ድራይቨር አደገኛ ነው ብሎ ማገድ ጀመረ። በነጻ የሚገኙትን «ፋንኮንትሮል»ና «ኦፕንአርጂቢ»ን ጨምሮ በርካታ ፕሮግራሞች የሚጠቀሙበት ስለነበር ሥራቸው ተስተጓጎለ። አስቡት፣ አንቲቫይረሳችሁ አፕዴት ስላደረገ ፋናችሁ ትእዛዝ አጣ ማለት ነው። ባዮስ ላይ ያስተካከለ ሰው ግን ወሬውን እንኳ ላይሰማ ይችላል።

ደግሞ ሁሉም ብራንድ የየራሱን ያስጭናችኋል። ኮርሴር «አይኪዩ»፣ ኤሱስ «አርሞሪ ክሬት»፣ ኤንዜድኤክስቲ «ካም»፣ ሊያን ሊ «ኤል-ኮኔክት» አለው። ከሦስት ብራንድ ዕቃ የገዛ ሰው ሦስት ፕሮግራም ከበስተጀርባ ሲያስሮጥ ይውላል፣ ራሙንም ዳታውንም ይበሉበታል። ለመብራት ብቻ ከሆነ ዊንዶውስ 11 ከ2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ «ዳይናሚክ ላይቲንግ» የሚል የራሱ ማስተካከያ አለው። ሁሉንም ዕቃ ባይደግፍም ቅድሚያ እሱን ሞክሩት።

አንድ ነገር ግን ማመን አለብኝ፦ ባዮስ አብዛኛውን ጊዜ የግራፊክስ ካርዱን ሙቀት አያይም። ጌም ላይ ዋናው ሙቀት ከዚያ ነው የሚመጣው። የኬዙ ፋን ካርዱን ተከትሎ እንዲፈጥን ከፈለጋችሁ እንደ «ፋንኮንትሮል» ያለ ሶፍትዌር እውነተኛ ጥቅም አለው። እሱንም ቢሆን ባዮስ ላይ ማሽኑን ብቻውን ሊያኖር የሚችል ቅንብር ካስቀመጣችሁ በኋላ ጫኑት። ሶፍትዌሩ ረዳት ይሁን እንጂ ባለአደራ አይሁን።

እንዴት ይደረጋል ለምትሉ፦ ማሽኑ ሲነሣ ዲሊት ወይም ኤፍ2 ተጫኑ። ኤሱስ ላይ «ኪው-ፋን»፣ ጊጋባይት ላይ «ስማርት ፋን»፣ ኤምኤስአይ ላይ «ሃርድዌር ሞኒተር» የሚለውን ፈልጉ። ለመነሻ እስከ 45 ዲግሪ 35 በመቶ፣ 60 ላይ 55 በመቶ፣ 80 ላይ 100 በመቶ አድርጉት። ከዚያ ከባድ ሥራ እያሠራችሁ ሙቀቱን አይታችሁ አስተካክሉ። ድምፁ እንዳይረብሸኝ ብላችሁ ግን ከመጠን በላይ አትፍሩ፤ የአንድ ፋን ፍጥነት በግማሽ ሲቀንስ ድምፁ በ15 ዴሲቤል ያህል ይወርዳል። ዝቅ ባለ ፍጥነት የሚሠሩ ሁለት ፋኖች በሙሉ ኃይሉ ከሚጮኽ አንድ ፋን ይሻላሉ።

ከዩቲዩብ ያያችሁትን ቅንብር ግን እንዳለ አትገልብጡ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ብላ ነው ያለችው። አየራችን ባሕር ዳርቻ ካለው ከ20 በመቶ በላይ ይሳሳል፣ ስለዚህ ያው ፋን በያው ፍጥነት የሚያወጣው ሙቀት ያንሳል። አቧራውን ደግሞ እናንተው ታውቁታላችሁ።

ኬዝ ስትገዙ ሻጩን ይሄን ጠይቁልኝ፦ «ፋኑ ማዘርቦርዱ ላይ ይሰካል ወይስ የራሱን ሶፍትዌር ግድ ይላል?» ባለ 4 ፒን ፋንና ባለ 3 ፒን 5 ቮልት መብራት ማዘርቦርድ ላይ የሚሰካ ከሆነ ነጻ ናችሁ። የ5 ቮልቱን መብራት ግን 12 ቮልት መሰኪያ ላይ እንዳትሰኩት፣ አምፖሎቹ ይቃጠላሉ።

መብራቱን አልጠላሁም፣ ያምራል። ግን እንጀራ የምትበሉበትን ማሽን ቁልፍ ለጌጡ አትስጡት። የተለየ ሐሳብ ያለው ይሞግተኝ፣ ደስ ይለኛል።