ቁልፉን ማን ሰጣችሁ?

ወልድያ ውስጥ በምኖርበት አካባቢ፣ ኮብልስቶን በተነጠፈ አንድ የውስጥ ለውስጥ መንገድ መግቢያ ላይ፣ በቅርቡ ሁለት የብረት ቋሚዎች ተተክለው ሰንሰለት ተወጠረባቸው። የተንጠለጠለው ቆርቆሮ «የግል መንገድ፤ ተሽከርካሪ ማለፍ ክልክል ነው» ይላል። በዚያው ሳምንት አንዲት አሮጊት ከሕክምና ሲመለሱ ሰንሰለቱ ዘንድ ከባጃጅ ወርደው፣ የልጃቸውን ትከሻ ተደግፈው ዳገቱን ሲያዘግሙ አየሁ። ዘበኛው ክፉ ሰው አይደለም፤ ቁልፉ ያለው «ኮሚቴው» ዘንድ ነው።

የኮሚቴውን ክርክር አላጣጥልም። ድንጋዩ የተነጠፈው ነዋሪው ከኪሱ አዋጥቶ ነው፤ እኔም ከፍያለሁ፣ ደረሰኙም አለኝ። አሸዋ የጫነ አይሱዙ በአንድ ክረምት ንጣፉን ሲያሰምጠው፣ ባጃጅ በልጆች መካከል ሲከንፍ ዝም በሉ ማለት አይቻልም። የሌባ ስጋትም አለ፤ ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. በሕወሓት ኃይሎች እጅ የቆየች ከተማ ነዋሪ በሩን ቢያጠብቅ ማን ይፈርድበታል?

ይሁን እንጂ «የግል መንገድ» የሚለው ቃል ከየት መጣ? የከተማ ቦታ በሐምሌ 1967 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 47 የመንግሥት ከሆነ ወዲህ፣ የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው ካለ በኋላ፣ በግል ሊያዝ የሚችለው የግቢ ይዞታ እንጂ የሰፈር ጎዳና አይደለም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ደግሞ በአስተዳደሩ እጅ ያሉ መንገዶችንና ጎዳናዎችን ለሕዝብ አገልግሎት ከተመደቡ ንብረቶች ይቆጥራቸዋል፤ እንዲህ ያለውን ንብረት ለረጅም ጊዜ በመያዝ እንኳ የራስ ማድረግ አይቻልም። መዋጮ ደግሞ መዋጮ ነው፤ ግዢ አይደለም። ለቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ቆርቆሮ ያዋጣ ምእመን የቅዳሴውን ደወል ይዞ አይሄድም።

ነገሩ የሚከፋው ደግሞ ያልተጠየቁት ሰዎች ዘንድ ነው። ከሰንሰለቱ ባሻገር፣ መዋጮውን መክፈል ያልቻሉ ቤቶች ያሉበት ጠባብ ሰፈር አለ። ውኃ በጋሪ የሚያስጭነው፣ አስከሬን የሚያወጣው በዚሁ መንገድ ነው። በእነርሱ ላይ የተወሰነው እነርሱ በሌሉበት ስብሰባ ነው። «እኔ ከሞትኩ ሰርዶ አይብቀል» ያለችውን አህያ ማስታወስ ግድ ይላል።

ይህ ልማድ ወደ ሌሎች ከተሞቻችን ቢዛመት ምን እንደሚያስከትል ለማየት የሀብሩን ዋና ከተማ መርሳን ማሰብ ይበቃል። ከአዲስ አበባ ወደ መቀሌ የሚዘልቀው አውራ ጎዳና መርሳን መሀል ለመሀል ይሰነጥቃታል። የውስጥ መንገዶች ሁሉ እየተራቡ ቢዘጉ፣ ሽንኩርትና ፍራፍሬ የጫነው ጋሪ፣ ባጃጁ፣ ከትምህርት ቤት የሚመለሰው ልጅ ሁሉም ከከባድ መኪና ጋር በአንድ አስፋልት ላይ ሊጋፋ ነው። አንዱ ሰፈር ልጆቹን ያዳነበት ሰንሰለት የሌላውን ልጅ ጎማ ሥር ይልካል።

በአዲስ አበባም የብረት በር የተገጠመላቸው የሰፈር መንገዶች እንግዳ ነገር አይደሉም። ከእኛ የባሰ ወንጀል የሚፈራባት ደቡብ አፍሪካ እንኳ ጉዳዩን ለየሰፈሩ ኮሚቴ አልተወችውም፤ በጋውቴንግ ክፍለ ሀገር፣ ጆሃንስበርግ ባለችበት፣ እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣ ሕግ መንገድ ለደኅንነት ሲባል የሚገደበው በአካባቢው አስተዳደር ፈቃድና ለተወሰነ ጊዜ ብቻ እንዲሆን ደንግጓል። ያም ሆኖ የአገሪቱ የሰብአዊ መብት ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2005 ባወጣው ሪፖርት አሠራሩን ነቅፎታል።

እኔ መንገዱ ለማንም ይለቀቅ አላልኩም። የጭነት መኪና በክብደት ይከልከል፤ የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ይሠራ፤ ሌሊት ጥበቃ ይቁም። ነገር ግን ይህን የሚወስነው የከተማው አስተዳደር ነው፤ ውሳኔው በጽሑፍ ይውጣ፣ ቅሬታ የሚቀርብበት ቦታ ይኑረው፣ አምቡላንስና የእሳት አደጋ መኪና ቁልፍ ፍለጋ አይቁሙ። አስተዳደሩም ሰንሰለቱን እያየ ማለፉ ከተጠያቂነት አያድነውም፤ ባለሥልጣን ዝም ሲል ፈቀደ ተብሎ እንደሚቆጠር ኮሚቴዎቻችን ከእኔ ይልቅ ያውቁታል።

በመጪው እሑድ ስብሰባ አለ። ደረሰኜን ይዤ እገኛለሁ፤ ከሰንሰለቱ ባሻገር ያሉት ጎረቤቶቼም አብረውኝ እንዲመጡ ጠይቄያቸዋለሁ።