ኮሮና ከሳንባ ባሻገር፦ በአዕምሮ ላይ የሚቀረው ሕመም

ኮሮና ቫይረስ በኢትዮጵያ መገኘቱ ይፋ የኾነው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም ነበር። ያን ጊዜ የሁሉም ዓይን ያረፈው በሳንባ ላይ ነው። ኦክስጅን፣ የመተንፈሻ መሣሪያና የጽኑ ሕሙማን አልጋ ዋነኛ ጭንቀት ነበሩ። ሕመሙ ለአዕምሮም እንደሚተርፍ በስፋት የታወቀው ዘግይቶ ነው።

በፈረንጆቹ 2021 የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከ236 ሺህ በላይ የኮሮና ታማሚዎችን የሕክምና መዝገብ መርምረዋል፤ አብዛኞቹ የአሜሪካ ነዋሪዎች ናቸው። ከሦስቱ አንዱ በስድስት ወራት ውስጥ የነርቭ ወይም የአዕምሮ ሕመም ተመዝግቦበታል። አኃዙ ያስደነግጣል፤ ነገር ግን ብዙዎቹ ቀድሞም እንዲህ ያለ ሕመም ነበረባቸው። ለመጀመሪያ ጊዜ የተገኘባቸው 13 በመቶ ያህል ናቸው።

ይህ የወረርሽኙ ፍርሃትና የብቸኝነት ውጤት ብቻ ቢኾንስ? ጥያቄው ተገቢ ነው። ኾኖም በዚያው ወቅት ኢንፍሉዌንዛ ከያዛቸው ሰዎች ጋር ሲነጻጸር የኮሮና ታማሚዎች አደጋ በ44 በመቶ በልጦ ተገኝቷል። ፍርሃቱ ግን ለሁሉም አንድ ነበር።

የዚያው ቡድን የ2022 ጥናት ደግሞ የ1 ነጥብ 28 ሚሊዮን ያህል ታማሚዎችን መረጃ እስከ ሁለት ዓመት ተከታትሏል። ጭንቀትና ድባቴ በሁለት ወራት ገደማ ወደ ቀድሞ መጠናቸው ሲመለሱ፣ የሐሳብ መደናገር፣ የሚጥል በሽታና በአረጋውያን ላይ የሚታየው የመርሳት በሽታ አደጋ ግን ከሁለት ዓመት በኋላም አልቀነሰም። ልዩነቱ በአኃዝ ሲታይ ትንሽ ነው። ኾኖም በሽታው በሚሊዮኖች የያዘ ስለኾነ ትንሹ ልዩነት ብዙ ቤት ይገባል።

በኢትዮጵያ በምርመራ የተረጋገጡት ታማሚዎች ግማሽ ሚሊዮን ያህል ብቻ ናቸው፤ ብዙ ሰው ግን በቤቱ ታሞ፣ በቤቱ ድኗል። ስለዚህ ትምህርቱን መከታተል ያቃተው ተማሪ ወይም ሒሳቡ የሚምታታበት ነጋዴ ችግሩን ከዚያ ሕመም ጋር የሚያያይዝበት ማስረጃ የለውም። ቤተሰቡ ስንፍና ይለዋል፤ አለዚያም ጸበል ይወስደዋል። የአዕምሮ ሐኪሞች በአብዛኛው በትልልቅ ከተሞች በመኾናቸው የመጀመሪያው በር ጤና ጣቢያው ነው። እዚያ የሚገኘው ባለሙያ ታማሚው መርሳት የጀመረው መቼ እንደኾነና ከዚያ በፊት ትኩሳት ወይም የሽታ መጥፋት እንደነበረው ቢጠይቅ ምንም ወጪ የለውም። የደም ማነስና የእንቅርት ችግርም ተመሳሳይ ምልክት ስለሚያሳዩ ሁሉን በኮሮና ከማሳበብ አስቀድሞ እነርሱን መመርመር ይገባል።