ሦስት ሰከንድ ዋሽንት

የባንክ ይሁን የሲሚንቶ፣ የቴሌቪዥን ማስታወቂያ ያለ ዋሽንት መጀመር ካቃተው ሰነባብቷል። የኤፍኤም ፕሮግራሙም ያው ነው፤ ርዕሱ የስኳር በሽታ ቢሆን የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ፣ በር ከፋቹ ክራር ነው። ልማዱ አሁን ወደ ስልክና ኮምፒውተር ተሻግሮ እንደ ቁም ነገር ይነገራል። «ሀገርኛ» መባል የፈለገ መሣሪያ ወይም መተግበሪያ ሲነሳ በትዝታ ወይም በባቲ ሦስት ሰከንድ ያህል ማዜም አለበት፤ ያለዚያ ማንነት የለውም ይባላል።

ሐሳቡ ላይ ላዩን ሲያዩት ክፋት የለበትም። ጎባ ላይ የሚያድግ ልጅ ከአካባቢው ዜማ ቀድሞ አንድ የአሜሪካ ኩባንያ ያሠራውን ዜማ ለምን ይልመድ? ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ ግን ሁለት ስሕተት ተሸክሟል። አንደኛው፣ ኮምፒውተር ሲነሳ የሚሰማው ድምፅ የሠሪው ማኅተም ነው ብሎ መነሳቱ ነው። ሁለተኛው ደግሞ አንድን ድምፅ የአንድ ሕዝብ የሚያደርገው ቅኝቱ ነው ማለቱ።

የመጀመሪያውን ስሕተት ለማየት አንድ ጥገና ቤት መግባት ይበቃል። ሮቤ ውስጥ አልነሳ ያለ ደስክቶፕ ጠረጴዛ ላይ ሲወጣ ባለሙያው ከዐይኑ ይልቅ ጆሮውን ያስቀድማል። አንዲት አጭር «ቲት» ከተሰማች ማሽኑ ራሱን ፈትሾ ደህና ነኝ ማለቱ ነው። እየደጋገመ ከጮኸ አብዛኛውን ጊዜ ነገሩ ራሙ ጋ ነው፤ ራሙ ይነቀላል፣ ወርቃማ ጥርሶቹ በእርሳስ ላጲስ ይታሻሉ፣ ብናኙ እፍ ተብሎ ይራገፋል፣ «ቀጭ» እስኪል ተጭኖ ይመለሳል፣ ከዚያ ማብሪያው እንደገና ይነካል። አንድ ረጅምና ሁለት አጭር ከሆነ ደግሞ በብዙ ማዘርቦርዶች ላይ ጥፋቱ የቪዲዮ ካርዱ ነው። ከማሽን ማሽን ቢለያይም ይህ የድምፅ ቋንቋ ከ1981ዱ የአይቢኤም ፒሲ ጀምሮ የመጣ ነው (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ቅኝት የለውም፤ ማንንም አያስተዋውቅም። ስክሪኑ ባልበራበት፣ ማሽኑ በጽሑፍ ችግሩን ማስረዳት በማይችልበት ሰዓት ፊቱ ለቆመው ሰው ማወቅ ያለበትን ይነግረዋል።

ጥሩ ከሚባሉት የማስነሻ ድምፆች አንዱ የተወለደውም ከዚሁ አስተሳሰብ ነው። የአፕል የድምፅ ባለሙያ የነበረው ጂም ሪክስ የቀድሞዎቹ ማኮች ሲነሱ የሚያሰሙት ጆሮ የሚሻክር ድምፅ አይዋጥለትም ነበር። ምክንያቱ የኩባንያው ገጽታ አልነበረም። ሰዎች ያንን ድምፅ የሚሰሙት ብዙ ጊዜ ማሽኑ ተንጠልጥሎባቸው፣ ምናልባትም ያላስቀመጡት ሥራ ጠፍቶባቸው፣ አጥፍተው ሲያስነሱት መሆኑን ያውቃል። ስለዚህ ለተበሳጨ ሰው የሚሆን፣ ሰፋ ብሎ የሚያርፍ የሲ ሜጀር ኮርድ ሠራ፤ ድምፁም በ1991 ከኳድራ ኮምፒውተሮች ጋር ወጣ። ሪክስ ሲሠራ ያሰበው ማሽኑ ፊት የተቀመጠውን ሰው ነው።

ማስታወቂያ ቤቱ የገባበት መንገድ ሌላ ነው። ለዊንዶውስ 95 የማስነሻ ዜማ እንዲሠራ እንግሊዛዊው ሙዚቀኛ ብራያን ኢኖ ሲጠየቅ፣ የቀረበለት ዝርዝር አነቃቂ፣ ዓለም አቀፋዊ፣ ተስፋ ያለው፣ ስሜት የሚነካ እያለ በቅጽል ላይ ቅጽል የሚደረድር ነበር። መጨረሻ ላይ ርዝመቱ ሦስት ሰከንድ ከሩብ እንዲሆን ይጠይቃል። ኢኖ 84 ያህል ጥቃቅን ድርሰቶች ሠርቶ አቀረበ፤ ከእነዚህ አንዱ የዓለም ጆሮ ውስጥ ገባ። ሙዚቃው ግሩም ነው። ከዚያ ወዲህ ግን በየሀገሩ ያለ አሠሪ ያንን የቅጽል ዝርዝር እየኮረጀ ነው። የኢትዮጵያውያኑ ዝርዝር የሚለየው «ሀገርኛ» የሚል አንድ ቅጽል ስለተጨመረበት ብቻ ነው።

የኩባንያው ማኅተም የተጠቃሚውን ጆሮ ሲረግጥ ምን እንደሚመጣ በ2006 ታይቷል። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ ቪስታ የጊታር ባለሙያውን ሮበርት ፍሪፕን አስቀርጾ ሲያበቃ፣ የማስነሻው ድምፅ ተጠቃሚው የማያጠፋው እንዲሆን አቅዶ ነበር። የቀድሞ ሠራተኛው ሮበርት ስኮብል በአደባባይ ተቃወመ፣ ሌሎችም ተከተሉት፣ ኩባንያውም ማጥፊያውን መለሰ። በ2012 የወጣው ዊንዶውስ 8 ከነጭራሹ ድምፁ ጠፍቶ መጣ፤ በ2021 ዊንዶውስ 11 መልሶ አበራው። አፕልም በ2016 ከአዲሱ ማክቡክ ፕሮ ላይ አንስቶት በ2020 መልሶታል። ለተጠቃሚው የግድ የሚያስፈልግ ነገር ቢሆን ኖሮ እንዲህ እንደ ልብስ ፋሽን አይወጣም አይገባም ነበር።

ሀገርኛ ቅጽል መጨመር ይህን ችግር አይፈታውም። ማስረጃው ቅርብ ነው፤ አፍሪካዊ ስም የያዘ ኦፕሬቲንግ ሲስተም አስቀድሞ ሞክሮታል። ደቡብ አፍሪካዊው ማርክ ሻትልወርዝ በ2004 ያስጀመረው ኡቡንቱ ስሙን ከደቡብ አፍሪካ ቋንቋዎች ወሰደ፣ ገጹን ቡናማ አደረገ፣ የመግቢያው ስክሪን ዝግጁ ሲሆን ደግሞ ከበሮ መታ። ከበሮው ለጆሮ ደስ ይል ይሆናል። ኮምፒውተሩን የሚከፍተው ሰው በቋንቋው ሜኑ እንዲያነብ ግን ከበሮው ያደረገው አስተዋጽኦ የለም፤ የአማርኛውም የኦሮምኛውም ትርጉም የተተወው ለበጎ ፈቃደኞች ነው። እንደ መደ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ ባለ ተቋም የኮምፒውተር ክፍል ውስጥ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ሠላሳ ማሽን በአንድ ላይ ተነስቶ ሠላሳ ከበሮ ቢመታ፣ ፈተና ላይ ያለው ተማሪ ስለ አፍሪካዊነት አያስብም። ስፒከሩን ይነቅላል።

ሁለተኛው ስሕተት የበለጠ ሥር የሰደደ ነው። ድምፅ የእኛ የሚሆነው በቅኝቱ ነው የሚለው እምነት በራሱ በቪስታ ታሪክ ይፈርሳል። ይኸው ቪስታ ከፍሪፕ ጊታር ሌላ ለኢትዮጵያውያን አንድ ነገር ይዞ መጥቶ ነበር፦ ኒያላ የተባለ የፊደል ፎንት። የቀረጸው በካናዳ የሚገኘው የቲሮ ታይፕወርክስ ባልደረባ ጆን ሃድሰን ነው፤ ስሙ ደግሞ ከኢትዮጵያ ውጭ የትም ከማይገኘው፣ ዲንሾ ላይ በጋይሳይ ሣር መሐል ሲግጥ ከሚታየው የደጋ አጋዘን የተወሰደ ነው። የግዕዝ ፊደል በ1999 በዩኒኮድ ውስጥ ቦታ ቢያገኝም፣ ዊንዶውስ ራሱ ፊደሉን ይዞ ለመምጣት እስከ ቪስታ ድረስ ጠብቋል። ከዚያ በፊት ለአማርኛ ደብዳቤ የተለየ ሶፍትዌር መጫን ግድ ነበር። በአንድ ፕሮግራም የተጻፈውም ሌላው ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት ዝብርቅርቅ ይል ነበር። እንግዲህ ባሌ ላለ ጸሐፊ ቪስታን የራሱ ያደረገለት የቱ ነው? የማስነሻ ዜማው ውስጥ ዋሽንት ስላልነበረ ያጣው ነገር የለም። ፊደሉ ስለነበረ ግን ደብዳቤውን ጽፎ አትሟል።

በድምፅ በኩልም ምሳሌ አለ። የዶይቸ ቬለ የአማርኛ ፕሮግራም ከ1965 ጀምሮ ሲሰማ የኖረ ነው። በአጭር ሞገድ ዘመን ጣቢያው ሥርጭት ከመጀመሩ በፊት ደጋግሞ የሚያሰማው አጭር ዜማ ከቤትሆቨን «ፊዴሊዮ» ኦፔራ የተወሰደ ነበር። ከዚህ የበለጠ ባዕድ ዜማ አይገኝም። ሆኖም ጩኸትና ሽውታ መሐል የራዲዮኑን ቁልፍ በቀስታ የሚያዞር አድማጭ ዜማውን ሲይዝ ጣቢያውን አገኘ ማለት ነው፤ እጁን ያነሳል፣ ቤተሰቡን ዝም ያሰኛል። ዜማው ሥራ ስለነበረው ተለመደ። ጀርመናዊ ይሁን ኢትዮጵያዊ የጠየቀ አልነበረም።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው ነገር ከልማድም አልፎ ነውር ሊሆን የሚችል ነው። ዋሽንቱና ክራሩ ሲሰለች ዲዛይነሩ «ያልተነካ» ድምፅ ፍለጋ ወደ ዳር መሄዱ አይቀርም፤ ባሌ ላይ ደግሞ ዐይን የሚያርፍበት ድሬ ሼክ ሁሴን ነው። የሼክ ሁሴን መካነ መቃብር የሚገኝበት ይህ ስፍራ ከ2011 ጀምሮ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ጊዜያዊ መዝገብ ላይ ሰፍሯል። በዓረፋ ሰሞን ከባሌና ከአርሲ፣ ከሐረርጌና ከሶማሌ ምድር ጫፉ እንደ ባላ የተከፈለውን የሼክ ሁሴን በትር ይዘው የሚመጡ ተጓዦች ይሞሉታል። ባህሮ የሚባለው የውዳሴ ዜማ የሚሰማው እዚህ ነው። መሪው ያወጣል፣ የተሰበሰበው ይቀበላል፤ ቃሉ በአብዛኛው ኦሮምኛ ሆኖ ዐረብኛ ይገባበታል። የሚወደሰውም የሼኩ ከራማ ነው።

የለንደኑ የቋንቋ ምሁር አንጄየቭስኪ በ1972 ባሳተመው ጥናት ያተኮረው በእነዚህ ውዳሴዎች አነጋገር ላይ ነው። ቃላቸው ጠቋሚ ነው፤ ታሪኩን አይተርክም፣ ጫፉን ነክቶ ያልፋል። የሼኩን ተአምራት ከሽማግሌ የሰማ ሰው ብቻ ጫፉን ይዞ መላውን ይረዳል። ባህሮን ባህሮ የሚያደርገው ይህ በአውጪና በተቀባይ፣ በተናገረውና በሚያውቀው መሐል ያለ ነገር ነው። ከዚህ ላይ ሦስት ሰከንድ ተቆርጦ ስልክ ውስጥ ሲገባ የሚቀረው የወንድ ድምፅና የእጅ ጭብጨባ ነው። ተቀባይ የለውም፤ የሚጠቁመውም ታሪክ የለም። ከዚያም ስልኩ መጸዳጃ ቤት ውስጥም ይነሳል፣ መጠጥ ቤትም ይነሳል። ውዳሴው የማን እንደሆነ የሚያውቅ ሰው እንደ ስድብ ቢቆጥረው አይፈረድበትም።

«ታዲያ ባህላችን በዲጂታሉ ዓለም አይሰማ ነው?» የሚል መከራከሪያ ይነሳል። ይሰማ። ባህሮ በሙሉው ተቀርጾ፣ የአውጪዎቹ ስም ተጽፎ፣ እነሱ በሚፈቅዱት ቦታ ቢቀመጥ ማንም አይከፋም። ሙዚቃ ለሙዚቃነቱ ይደመጥ። የሚያስቀይመው ሙዚቃውን አሳጥሮ የሸቀጥ ማኅተም ማድረግና ይህን ባህል መጠበቅ ነው ብሎ መፎከር ነው። ሦስት ሰከንድ ዋሽንት በጀት የማይነካ፣ ስብሰባ ላይ የሚያስጨበጭብ ርካሽ ኢትዮጵያዊነት ነው። ውዱ ኢትዮጵያዊነት ሌላ ቦታ ሥራ ፈትቶ ተቀምጧል።

ውዱ የቱ ነው ለሚል፣ ዐይነ ስውር ተማሪን ማሰብ ይበቃል። በነጻ የሚገኘው ኤንቪዲኤ የተባለ የስክሪን አንባቢ አብሮት የሚመጣው ኢስፒክ ኤንጂ የተሰኘ የንግግር ማሽን ነው፤ በቋንቋዎቹ ዝርዝር ውስጥ አማርኛም ኦሮምኛም አሉ። ድምፁ ግን ደረቅ፣ ማጥበቅና ማላላት የሚያምታታው ነው። ማይክሮሶፍት በክላውድ አገልግሎቱ መቅደስና አመሃ የሚባሉ የተሻሉ የአማርኛ ድምፆች አሉት፤ እነሱን ለማግኘት ግን ኢንተርኔት ያስፈልጋል። ኮምፒውተሩ ሲነሳ ዋሽንት ሰምቶ፣ ከዚያ በኋላ ያለውን ሁሉ በግምት ለሚዳስስ ተማሪ ዋሽንቱ ምን ይጠቅመዋል? ማንበብ ለማይችሉ አረጋዊ እናትስ? ስልካቸው ባትሪው ሊያልቅ መሆኑን፣ የላኩት ብር መድረሱንና አለመድረሱን በሚገባቸው ቋንቋ ቢነግራቸው ከየትኛውም ክራር ይልቅ ሀገርኛ ነው።

ስለዚህ ለአሠሪዎችም ለዲዛይነሮችም የሚቀርበው ጥያቄ አጭር ነው። የማስነሻ ድምፅ የግድ ካስፈለገ አጭርና ዝግ ያለ ይሁን፣ ማጥፊያውም ከሴቲንግ ሥር አይደበቅ። መሣሪያው ደህና ሲነሳና ሲታመም የሚያሰማው ድምፅ ይለያይ፤ ልዩነቱም ስክሪኑን ለማያይ ሰው ግልጽ ይሁን። ለዋሽንቱ ስቱዲዮ የሚከፈለው ገንዘብ በአማርኛና በኦሮምኛ፣ ቀጥሎም በሌሎቹ የሀገሪቱ ቋንቋዎች ያለ ኢንተርኔት የሚያነብ ጥሩ የንግግር ድምፅ ለማሠራት ይዋል። የድሬ ሼክ ሁሴንን ባህሮ ደግሞ ባለቤቶቹ ራሳቸው እስኪጠይቁ ድረስ ማንም በስልክ ማስነሻ ውስጥ አያስገባው።