ሞራችን ምን ይናገራል?

በአንዳንድ የሀገራችን አካባቢዎች ከብት ሲታረድ ሞራውን ወደ ብርሃን ዘርግተው መጪውን ዘመን እናነባለን የሚሉ ሞራ ገላጮች እንደነበሩ፣ ዛሬም ፈጽመው እንዳልጠፉ ይታወቃል። የፊዚክስ መምህር እንደመሆኔ በዚህ ጥበብ አላምንም። ይሁን እንጂ ባለፉት ሠላሳ ዓመታት የተካሄደው ምርምር ሞራ በእርግጥም የሚናገር አካል መሆኑን አሳይቷል፤ የሚናገረው ግን ስለ በሬው ጌታ ዕድል ሳይሆን ስለ ራሱ ስለ ባለ ሞራው ጤና ነው። የሰውም አንጀት በእንዲህ ያለ ስብ የተሸፈነ ሲሆን፣ የሚናገርበት ቋንቋ ፕሮቲን ነው።

ለፊዚክስ ተማሪ ስብ በመጀመሪያ የሚታየው እንደ ኃይል ማከማቻ ነው። አንድ ግራም ስብ ሲቃጠል 37 ኪሎ ጁል ገደማ ይሰጣል፤ ይህም ክብደት በክብደት ሲነጻጸር በሞባይል ስልክ ባትሪ ከሚከማቸው ኃይል 40 እጥፍ ያህል ነው። 10 ኪሎ ግራም ስብ በሰውነቱ የያዘ ሰው በቀን 2,000 ኪሎ ካሎሪ ቢያወጣ የ45 ቀን ስንቅ ተሸክሟል ማለት ነው። ድርቅና ረሀብ ለተፈራረቁበት ሕዝብ ይህ የሚናቅ ስንቅ አልነበረም። «ወፈርክ፣ አማረብህ» የሚለው ሙገሳችንም ከዚሁ የመነጨ ይመስለኛል። የማከማቻው እሳቤ ስሕተት አይደለም፤ ጎዶሎ ነው እንጂ።

ጎዶሎነቱን የገለጡት አይጦች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1949 በአሜሪካ ሜይን ግዛት በሚገኘው የጃክሰን ላቦራቶሪ መብላት የማያቆም፣ እጅግ የወፈረ የአይጥ ዘር ተገኘ። በዚያው ተቋም ይሠራ የነበረው ዳግላስ ኮልማን የሁለት አይጦችን የደም ዝውውር እያገናኘ ባደረጋቸው ሙከራዎች፣ «ጠግበሃል» የሚል መልእክት በደም ውስጥ እንደሚዘዋወር ደመደመ። መልእክተኛው የታወቀው ግን በ1994 ነው። የሮክፌለር ዩኒቨርሲቲው ጄፍሪ ፍሪድማንና ባልደረቦቹ ያገኙት ይህ ፕሮቲን ሌፕቲን ሲባል፣ የሚያመነጨውም ራሱ የስብ ሕዋስ ነው። መጋዘን የመሰለን ነገር ዕጢም ኖሯል።

ሌፕቲን በመርፌ ተሰጥቶ ውፍረትን ያጠፋል ተብሎ ብዙ ተጠብቆ ነበር። ሌፕቲን ጨርሶ ሳይኖራቸው ለተወለዱ ጥቂት ሕፃናት በእርግጥ ሠርቷል። ለአብዛኛው ወፍራም ሰው ግን አልጠቀመም፤ በደሙ ውስጥ ሌፕቲን ሞልቶ ተርፎ ሳለ አንጎሉ መስማት ትቷልና። ከዚህ ይልቅ እኛን ይበልጥ ሊመለከተን የሚገባው ተቃራኒው ነው። በረሀብ ጊዜ ሌፕቲን ይወርዳል፤ በ1998 በአይጦች ላይ የወጣ ጥናት እንዳመለከተው ከእርሱ ጋር የበሽታ መከላከል አቅምም ይዳከማል። በዩጋንዳ በከፍተኛ የምግብ እጥረት በተጎዱ ሕፃናት ላይ ተደርጎ በ2014 የታተመ ጥናትም ዝቅተኛ ሌፕቲን ከሞት ጋር የተያያዘ መሆኑን አሳይቷል። «ይህ የጠገቡ ሀገሮች ሳይንስ ነው» የሚሉ ወገኖች ይህን ቢያስቡት ጥሩ ነው።

አሁን ወደ ብግነት እንለፍ። ብግነት በራሱ ጠላት አይደለም። እሾህ ሲወጋን ሥፍራው የሚቀላው፣ የሚያብጠውና የሚሞቀው ሰውነት ወራሪን ሲከላከል ነው፤ ሥራውን ሲጨርስ ይበርዳል። በ1993 ጎክሃን ሆታሚሽሊጊልና ብሩስ ስፒገልማን በወፈሩ አይጦች ስብ ውስጥ ቲ.ኤን.ኤፍ. አልፋ የተባለ ብግነት ቀስቃሽ ፕሮቲን በብዛት እንደሚገኝ አሳዩ። ቁስል የለም፣ ተሕዋስ የለም፤ ብግነት ግን አለ። ይህ ብግነት አያተኩስም፣ አያምምም፣ አይበርድምም። በአመድ እንደተዳፈነ ረመጥ ለዓመታት ይቆያል።

ለምን ይነሣል? ከሚሰጡት ማብራሪያዎች አንዱ ለእኛ ለፊዚክስ ሰዎች የሚጥም ነው። ኦክስጂን ከደም ሥር ወጥቶ ወደ ሕዋስ የሚደርሰው በዲፊውዥን ነው። በዲፊውዥን ለመጓዝ የሚወስደው ጊዜ ከርቀቱ ካሬ ጋር ስለሚመጣጠን ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ጊዜው አራት እጥፍ ይሆናል። በመሆኑም ኦክስጂን በዚህ መንገድ የሚደርሰው እስከ 100 ማይክሮ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ በስብ ያበጠ ሕዋስ ግን ራሱ ከዚያ ሊሰፋ ይችላል። ሕዋሱ ይታፈናል፣ አንዳንዱም ይሞታል። በ2003 ሁለት የአሜሪካ ተመራማሪ ቡድኖች እንደዘገቡት ማክሮፋጅ የተባሉት በላተኛ ሕዋሳት በወፈረ አካል ስብ ውስጥ በብዛት ይሰፍራሉ፤ እነርሱም ቲ.ኤን.ኤፍ. አልፋንና ኢንተርሉኪን 6ን ይረጫሉ።

ውጤቱ የሚታየው በኢንሱሊን ላይ ነው። ኢንሱሊን የሕዋሱን በር ሲያንኳኳ መልእክቱን ወደ ውስጥ የሚያቀባብለው ሰንሰለት ይደናቀፋል፤ ስኳሩም በደም ውስጥ ይቀራል። ቆሽት የበለጠ ኢንሱሊን ለማመንጨት ይገደዳል፤ ሲዝልም ሁለተኛው ዓይነት የስኳር በሽታ ይከተላል። ከሞራ የሚወጣው ደም በቀጥታ ወደ ጉበት ስለሚፈስ የሞራ ስብ ከቆዳ ሥር ካለው ስብ ይልቅ አደገኛ ነው። አዲፖኔክቲን የሚባል በጎ ፕሮቲንም አለ፤ ብግነትን ያበርዳል፣ ሕዋሳት ኢንሱሊንን እንዲሰሙ ያግዛል። የሚያሳዝነው ስብ በበዛ ቁጥር እርሱ ማነሱ ነው፤ እሳቱ ሲበረታ ውኃ ቀጂው ይሸሻል።

ይህ ሁሉ ለአየር ጤና ነዋሪ ምኑ ነው? ፍቅሩ ተስፋዬና ባልደረቦቹ በ2009 ባሳተሙት የአዲስ አበባ ጥናት ከወንዶች 20 በመቶ፣ ከሴቶች 38 በመቶ የሚሆኑት ከልክ ያለፈ ክብደት ነበራቸው፤ የደም ግፊቱም በሁለቱም ጾታ ከአሥር ሰዎች ሦስቱን ያህል ይዞ ተገኝቷል። በሀገር አቀፍ ደረጃ በ2016 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ደግሞ ከወሊድ ዕድሜ ክልል ሴቶች 22 በመቶ ከልክ በላይ ቀጭኖች፣ 8 በመቶ ከልክ በላይ ወፍራሞች ነበሩ። ሁለቱ ችግሮች አንዱ እስኪያልቅ አንዱ ተራ አይጠብቅም።

በአየር ጤና ታክሲ መያዣ አካባቢ ሚዛን ዘርግተው አላፊ አግዳሚውን የሚመዝኑ ልጆች አሉ። ሥራቸውን አከብራለሁ፤ ሚዛኑ ግን ከምናምነው በታች ነው የሚነግረን። እኩል ክብደት ያላቸው ሁለት ጎማዎች ክብደታቸው በመሐል ወይም በዳር በመከማቸቱ ብቻ አሽከረካከራቸው እንደሚለያይ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ያውቃል። ኪሎ ግራምን በቁመት ካሬ የሚያካፍለው ቢ.ኤም.አይ. እንኳ ስቡ የት እንዳለ አይናገርም። ቀመሩን በ1830ዎቹ ያወጣው ቤልጂየማዊው የሥነ ፈለክና የሒሳብ ሊቅ አዶልፍ ኬትሌ ሲሆን፣ ይፈልግ የነበረውም አማካዩን ሰው እንጂ በሽተኛውን አልነበረም።

ለእኛ ደግሞ የ25 ወሰን ራሱ አጠራጣሪ ነው። በጅማ ዩኒቨርሲቲ ሠራተኞች ላይ ተደርጎ በ2018 የታተመ ጥናት ለውፍረት የተሻለው ወሰን ለወንዶች 22.2፣ ለሴቶች 24.5 መሆኑን፣ በወገብ ዙሪያ ደግሞ 83.7 እና 78 ሴንቲ ሜትር መሆኑን ጠቁሟል። ወደ እስራኤል የተጓዙት ቤተ እስራኤላውያንም ቀጭን ሆነው ገብተው፣ አኗኗራቸው ሲለወጥ የስኳር በሽታ ብዙም ሳይወፍሩ እንደበዛባቸው ተጠንቷል።

ስለዚህ በየጤና ጣቢያው ከሚዛኑ ጎን ሜትር ይቀመጥ እላለሁ። የትምህርት ቤት የሳይንስ ክበባትም ዛሬውኑ ሊጀምሩት ይችላሉ። ሜትሩ የሚያርፈው በመጨረሻው ጎድን አጥንትና በዳሌ አጥንት መካከል ነው፤ የሚነበበውም ትንፋሽ ከወጣ በኋላ፣ ሆድን ሳይሰበስቡ ነው። ወገቡ ከቁመቱ እኩሌታ ከበለጠ ሐኪም ማማከር ይገባል። ቁጥሮቹ ያለ ስም ይመዝገቡ፤ ቦርጭ መሳቂያ አይሁን። መሣሪያውን ደግሞ በአየር ጤና መንገድ ዳር የስፌት መኪና ዘርግቶ የተቀመጠ ልብስ ሰፊ ሁሉ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎታል።